ሰፈር ውስጥ ባር ስትከፍቱ፦ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ የመሥራት መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ኪዳን የሚያደርስ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው በጨለማ ያልፋሉ። ባር በከፈትኩ በሁለተኛው ወር አንዲት ጎረቤታችን እማሆይ ረፋዱ ላይ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በወረቀት የጠቀለሉትን ነገር ገልጠው አሳዩኝ። የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ አንገት ነው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይቺን ከደጄ ነው ያነሣኋት። እኔስ ጫማ አድርጌያለሁ። በባዶ እግሩ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ግን አለ» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ሰፈሩ የኔን ባር የሚያውቀው መቼ እንደሆነ ገባኝ። ጠዋት ነው፤ እኛ ዘግተን ተኝተን ሳለ። ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሁሉ ከጠዋቱ ወደ ኋላ እያሰብኩ አስተካከልኩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለዓመታት እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ነው። ፈቃድ አውጥታችሁ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ባር ልትከፍቱ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

1. ቤቱን በማታ እዩት

ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀን ነው። ቀን ሁሉም ቤት ጥሩ ነው። እናንተ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሱና ዝም ብላችሁ ቁሙ። በግድግዳው ማዶ ሰው ሲያወራ ይሰማችኋል? እነሱ ከተሰሟችሁ የእናንተ ሙዚቃ እነሱ ጋ አልጋ ድረስ ይገባል። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጭቃ ቤት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ አንድ ጠባብ በር ብቻ ያለው ክፍል፣ እነዚህ ሦስቱ ኪራዩ ቢረክስም በኋላ ያስከፍላሉ።

ሁለተኛ መውጫ መኖሩን ተመልከቱ። በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ቢሆኑ ይመረጣል። እሳት ቢነሣ ሰው ተጋፍቶ የሚመጣው ወደ በሩ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሕዝብ ከተደገፈው አይከፈትም። የእሳት ማጥፊያውን ከባንኮኒው ጀርባና ከኩሽናው በር አጠገብ ስቀሉት። ጀነሬተር ካላችሁ ክፍል ውስጥ አታስነሡት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የጎረቤት መስኮት ሥርም አታድርጉት።

2. ወረቀቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የንግድ ምዝገባ፣ ቲን ቁጥር፣ በሕግ ፊት የጸና የኪራይ ውል፣ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር የፈቃዱ መስክና የምትሠሩት ሥራ አንድ መሆኑ ነው። በምግብ ቤት ፈቃድ ሌሊት የጭፈራ ቤት የሚከፍት ሰው ጠብ ሲነሣ ማንም አይቆምለትም። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቤተ እምነት ርቀት እንዲሁም ስለ መዝጊያ ሰዓት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ረጅም ስለሚሆን በመስከረም ጨርሱት። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወረቀት ይዞ የሚሮጡበት ጊዜ አይደለም።

3. ከመክፈታችሁ በፊት በየቤቱ ሂዱ

ይህን ሰው አይነግራችሁም። በምረቃው ቀን ጎረቤት ጠርቶ ማብላት ጥሩ ነው፤ ግን ዘግይቷል። ከመክፈታችሁ በፊት በግራ፣ በቀኝ፣ በኋላና በፊት ለፊት ያሉትን ቤቶች አንኳኩ። «እዚህ ቤት ባር ልከፍት ነው። በዚህ ሰዓት እዘጋለሁ። ስልኬ ይኼ ነው፤ ድምፅ ከበዛባችሁ በየትኛውም ሰዓት ደውሉልኝ» በሉ። ከዚያ ሲደወል አንሡ። ስልክ ሰጥቶ አለማንሣት ከነጭራሹ ካለመስጠት የከፋ ቅያሜ ያመጣል።

የሰፈሩን እድር ግቡ። መዋጮ ብቻ ከፍሎ መቅረት ሳይሆን ድንኳን ሲተከል ተገኙ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ቢያንስ እስከ ሣልስት ሙዚቃ የለም። ይህን የሚያዝ ደንብ የትም አላየሁም። ነገር ግን ሐዘንተኛ ተቀምጦ ከማዶ ዘፈን የሰማ ሰፈር ያንን ባር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እኔ እንደዚያ ባሉ ቀናት በሩን ከፍቼ ቢራ እሸጣለሁ፤ ስፒከሩ ግን ይነቀላል። ደንበኛ ሲጠይቅ «ለቅሶ አለ» ይባላል። አንድም ሰው ተከራክሮኝ አያውቅም።

በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ እንዲሁም በአቅራቢያችሁ ባለው ደብር የንግሥ ዋዜማ፣ ድምፁን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ። መስጊድ አጠገብ ከሆናችሁም የሶላት ሰዓቶቹን እወቁ። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት፤ ከየትኛውም ሰፈር ሆናችሁ ማኅሌት የሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይሆንም።

4. ድምፁን ከጎረቤት ቤት ሆናችሁ ለኩት

መጀመሪያ ስፒከሩን የሰቀልኩት የኋላው ግድግዳ ላይ ነበር። ለቤቱ ያምራል። አንድ ማታ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጎረቤት መጣና በጆሮዬ «ወንድሜ፣ ቤት አራስ አለችኝ» አለኝ። ድምፁን ቀነስኩለት። «ና እስቲ» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ሳሎኑ ገብቼ ግድግዳው ላይ መዳፌን ሳደርግ ዱብ ዱብ የሚለው እጄ ላይ ተሰማኝ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ነበር። ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑ እዚያ ቤት አይሰማም፤ የሚሰማው ባሱ ብቻ ነው። በማግስቱ አራሷ እናቷ ቤት ሄደች። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ያደረግሁት ይኼ ነው። ስፒከሩን ጎረቤት ከሚጋራው ግድግዳ አንሥቼ ወደ ውስጥ አዞርኩት። ከብረት መስቀያው ጋር እንዳይነካካ ወፍራም የጎማ ቁራጭ መሐሉ አስገባሁ። አንድ ትልቅ ስፒከር ትቼ አራት ትንንሽ ጠረጴዛዎቹ አጠገብ አደረግሁ፤ ሰው ቅርብ ሲሆንለት ጮክ ማድረግ አያስፈልግም። ባሱን ከግማሽ በታች አወረድኩት። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ ጨመርኩ። ማጉያው ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያው ማለፍ የሌለበትን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁበት። ማንም ቢለምን ከቀይ አያልፍም።

የአገራችን የአካባቢ ጥበቃ መለኪያ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ንግድ ለሚበዛበት አካባቢ 65 እና 55 ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ሲያወሩ 60 ገደማ ስለሚሆን፣ 45 ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ ገምቱት። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አለ። ልክ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይደለም፤ ግን ትናንትንና ዛሬን ለማወዳደር ይበቃል። የምትለኩት ባንኮኒው ጋ ሳይሆን ጎረቤት ደጅ ላይ ቆማችሁ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ለኩ።

አዝማሪ ካላችሁ ማይክ አትስጡት። መሰንቆና ጥሩ ድምፅ ለሠላሳ ሰው ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ግጥም ለሚሰጡት ደንበኞችም ወሰን አብጁ። ሰው የሚሰደብበት፣ ዘር የሚነካበት፣ ሌላውን ጠረጴዛ የሚወጋ ግጥም አይዘፈንም። ይህን ከአዝማሪው ጋር ሥራ ሳይጀምር ተነጋገሩ፤ እሱ በቅኔ ማለፉን ያውቅበታል።

5. ሽንት ቤት

ጎረቤት ከጭፈራው ይልቅ የሚቀየመው በአጥሩ ሥር በሚሸናው ሰው ነው። ሰው መንገድ ላይ የሚሸናው ብልግና ስላለው ብቻ አይደለም። ሽንት ቤቱ ሰልፍ ስላለው፣ ጨለማ ስለሆነ፣ ወይም ውሃ ስለሌለው ነው። የወንድና የሴት ለየብቻ ይሁን። መብራቱ በባትሪም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ይብራ። እንደምታውቁት ከተማችን ውሃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶ ግዙ፤ ካልቻላችሁ በርሜል ሙሉና መቅጃ አስቀምጡ። ሽንት ቤቱን በየሰዓቱ የሚያይ አንድ ሰው መድቡ፤ ያየበትን ሰዓት በሩ ጀርባ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ከዚያ በባሩና በሚቀጥለው መብራት መካከል ያለውን ጨለማ ስርቻ ፈልጉ። እዚያ አንድ አምፖል ስቀሉ። እኔ የጎረቤቴን ፈቃድ ጠይቄ ከአጥሩ ጥግ ላይ አንድ ሰቀልኩ፤ መብራቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። ሽታው በሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ሲጋራ በዚህ ላይ ይጨመራል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅም አለበት። ታዲያ አሥር ሜትር ስትቆጥሩ ብዙ ጊዜ የምትደርሱት የጎረቤት መስኮት ሥር ነው። ስለዚህ «ውጭ አጭሱ» ብሎ መተው አይበቃም። ቦታውን እናንተ ምረጡ፣ አመድ መጣያ አስቀምጡ፣ ብርጭቆ ይዞ መውጣትን ከልክሉ። ሺሻን ጭራሽ አታስገቡ።

6. በሩ ላይ

በዚያው አዋጅ መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም። 18 አይደለም፤ 21 ነው። ማራኪ አካባቢ ወይም ሌላ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ የምትሠሩ ሰዎች ይህ በቀጥታ ይመለከታችኋል። አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አብዛኛው 21 አልሞላውም። የተማሪ መታወቂያ ማሳየት ደግሞ ዕድሜን አያረጋግጥም። የልደት ቀን ያለበት የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ጠይቁ። ቀኑ በኛ ይሁን በፈረንጅ አስተውሉ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ጥበቃዎቼ ስሌት እንዳያምታታቸው በሩ ጀርባ በየወሩ የምቀይረው ወረቀት አለ። ለምሳሌ በመስከረም 2018 «ከመስከረም 1997 ወዲህ የተወለደ አይገባም» ይል ነበር።

አነጋገሩ ወሳኝ ነው። «አንተ ልጅ፣ ውጣ» የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ፊት ተዋርዷልና ይጣላል። «ወንድሜ፣ መታወቂያህን እስቲ አሳየኝ» ይባል። ካልሞላው «ለስላሳ እንጋብዝህ፣ ቢራው ግን ሕግ ስለሆነ አይቻልም» ይባል።

ስለ መሣሪያ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። በኛ አገር መሣሪያ መያዝ ክብር ነው፤ ይገባኛል፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን መሣሪያና መጠጥ በአንድ ክፍል አይቀመጡም። የሚሊሻም ይሁን የባለሀብት፣ የዘመድም ይሁን የማያውቁት ሰው፣ ታጥቆ የሚገባ የለም። «ጋሼ፣ ቤትዎ አድርሰው ይምጡ፤ ወንበርዎን እይዝልዎታለሁ» ይባላል። ባንኮኒ ጀርባ ተቀብሎ ማስቀመጥን አታስለምዱ። ሲወጣ ሰክሮ ነው የምትመልሱለት፤ ደግሞም በናንተ እጅ ሳለ ለሚደርሰው ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። እምቢ ካለ ክርክር የለም፤ ጠረጴዛ ሳይይዝ በፊት ለፖሊስ ይደወላል። በቅርብ ያለውን ጣቢያ ስልክ ሁሉም ሠራተኛ ስልኩ ላይ ይያዝ።

7. ስትቀዱ

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። የሰው ሰውነት ያንን ለማቃጠል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ መርጨትም አያፋጥነውም። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት ቢራ ያወረደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ገና ይብሳል። አስተናጋጆቼ የሚያዩትን ምልክት አስተምሬያቸዋለሁ፦ አንድ ወሬ ሦስቴ የሚያወራ፣ ብር ሲቆጥር የሚሳሳት፣ ወንበር ሳይነካ መነሣት የሚያቅተው።

በኛ አገር ትልቁ ፈተና ግብዣ ነው። ከማዶ ጠረጴዛ «ለነሱ አንድ አንድ ድገምልኝ» ይባላል። የተጋበዘው እምቢ ቢል ነውር ይሆንበታል። ጠርሙሱ ፊቱ ተከፍቶ ይሰለፋል። የኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ የተጋበዘ ቢራ ቆርኪው አይከፈትም። ሒሳቡ ይያዛል፣ ቢራው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ «እገሌ ጋብዞሃል፣ ስትፈልግ ጠይቀኝ» ይባላል። ከፈለገ ነገ ይጠጣዋል። ጋባዡም ተጋባዡም ክብሩ አይነካም። አስተናጋጅን በሸጠው ቆርኪ ልክ አትክፈሉ። በቆርኪ የሚከፈላት ልጅ ለሰከረ ሰው «ይበቃሃል» ማለት አትችልም።

ውሃ ሳይጠየቅ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ቆሎም እንዲሁ። ባዶ ሆድ ይዞ የመጣ ቶሎ ይሰክራልና ኩሽናው ከባንኮኒው ቀድሞ አይዘጋ።

ዊስኪና ጂን ደረሰኝ ከሚሰጥ አከፋፋይ ብቻ ግዙ። በረከሰ ዋጋ ጓሮ ድረስ ይዞ ከሚመጣ ሰው አትግዙ። ተመሳስሎ በሚሠራ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ስለሆነ ሰው ተራ ሃንጎቨር ይመስለዋል። ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ መተንፈስ ከበደኝ ካለ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ባዶ የዊስኪ ጠርሙስ ደግሞ እንዳለ ለቆራሌው አትስጡ። ሌላ ነገር ተሞልቶበት ወደናንተው ሊመለስ ይችላል። መለያውን ልጣችሁ፣ ክዳኑን አጣማችሁ ስጡ።

ሰክሮ የወደቀ ሰው በጀርባው አይተኛም። በጎኑ አድርጉት፣ አፉ ወደ መሬት ያዘነብል፤ ትውኪያው እንዳያንቀው ነው። ለማስመለስ ጣት አትክተቱ። ብቻውን አትተዉት፤ መጠጡን ካቆመ በኋላም በደሙ ያለው አልኮል ሊጨምር ይችላል። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ገላው ከቀዘቀዘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወይም ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል።

8. አዘጋጉ

ባር በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የመጨረሻው ትእዛዝ ይወሰድ። ከዚያ ዘፈኑን ለስላሳ አድርጉ፣ ድምፁን በየጥቂት ደቂቃው ዝቅ፣ መብራቱን ከፍ። ሒሳብ ለየጠረጴዛው በተራ ይቅረብ፤ ሁሉም እኩል ከወጣ በሩ ላይ ይከማቻል፣ እዚያ ደግሞ ወሬው ይጦፋል። ከተማው በዚህ ሰዓት ዝጉ ካለ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሰው እቤቱ እንዲገባ አስሉት።

ከሁለት ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ጋር ተነጋገሩ። ጥሩምባ ሳይነፉ ከጥጉ ይጠብቁ፤ ታሪፉ ቀድሞ ይታወቅ። መኪና ይዞ ለመጣ ሰው መኪናውን የምታሳድሩበት ግቢ ይኑራችሁ። «ቁልፉን ስጡኝ» ከማለት «መኪናዎን እናሳድረው፤ ጠዋት ይውሰዱት» ማለት ይቀላል። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ተቆጥቶ ሄደ፣ በማግስቱ ሚስቱ መጥታ አመሰገነችኝ።

አስተናጋጆቹን ማን እንደሚያደርሳቸው ሳታውቁ አትዝጉ። ሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ልጅ አትኑር፤ የባጃጁን ሒሳብ ባለቤቱ ይክፈል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ክልክል ነው። እኔ ለባር ሥራ በማንኛውም ሰዓት አልቀጥርም።

የተፈጠረ ነገር ካለ፣ ጠብም፣ ስርቆትም፣ የጎረቤት አቤቱታም፣ ከመተኛታችሁ በፊት ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደሆነና ማን እንደያዘው ጻፉ። ከፖሊስ ወይም ከሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ ያ ደብተር ያግዛችኋል።

ከጥር 10 እስከ 12፣ ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ፣ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይሁን። በእነዚያ ቀናት ከበር የሚወጣ ብርጭቆና ጠርሙስ የለም፤ በፕላስቲክ ኩባያ ብቻ።

9. ሳይነጋ

ባዶ ሳጥን ሌሊት አይጫንም፣ አይደረደርም። ጠርሙስ ሲንኳኳ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ ይውጣ። የቢራ መኪናም እንደዚሁ።

ከተዘጋ በኋላ ጠረጋው ከበሩ ወደ ውጭ ይቀጥላል። እኛ በግራ መቶ፣ በቀኝ መቶ እርምጃ እንጠርጋለን። አንዱ በመጥረጊያ፣ አንዱ በባትሪ። ባትሪውን መሬት ላይ ዝቅ አድርጎ በአግድም ማብራት ነው፤ ከላይ ሲበራ የማይታይ የጠርሙስ ስባሪ ያኔ ያብለጨልጫል። መጨረሻ የምንደርሰው እማሆይ ደጅ ላይ ነው። ድንጋዩ መካከል ያለውን አፈር በእጃችን ዳስሰን፣ ውሃ ደፍተንበት እንመለሳለን። ከዚያ ጥበቃው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኪዳን ሰዎች ሳይወጡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያየዋል።